ውሃ እየጠጣሁ የወሰንኳቸው ጉዳዮች

ጡረታ ስወጣ የመረመረኝ ሐኪም ዓይኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ደረቴን አዳምጦ እንደገና ነቀነቀ። የሽንት ምርመራዬ ሲመጣለት ግን ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም።

«ኩላሊትህ የጎረምሳ ኩላሊት ነው! ምንድነው የምትጠጣው?»

«ውሃ።»

«በቀን ምን ያህል?»

ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት። በሥራ ዘመኔ ከሰው ቤት እየለመንኩ የጠጣሁት ውሃ አንድ ላይ ቢመለስ የአዋሳ ሐይቅ ከዳርቻው ተነስቶ መናኸሪያ ድረስ ይመጣል፤ አውቶቡሶቹም በጀልባ ይተካሉ። ይህን ስነግረው ሐኪሙ ካርዴ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ። የጻፈው ስለ ኩላሊቴ አይመስለኝም።

እንዲህ ሆኖ በዓይኔ ሰበብ ከዕድሜዬ ቀድሜ ወጣሁ። አሁን ብስክሌት አከራያለሁ። ለደካማ ዓይን የማይሆን ሥራ ቢፈለግ ይኼ ነው፤ ቀይ ብስክሌት የወሰደ ሰው ሰማያዊ ቢመልስልኝ «ቀለም ቀባህልኝ እንዴ? እግዜር ይስጥህ» ብዬ እቀበላለሁ። ተከራዮቼ ብስክሌቱን ደገፍ ብለው «ያን ጊዜ ቢሮ ምን ነበር የምትሠራው?» ይሉኛል። «እወስን ነበር» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ለዚህ ነው ልጻፈው ያልኩት።

የጀመርኩት ይርጋለም ነው፤ መዝገብ ቤት። የመጀመሪያው አለቃዬ ፋይል የሚደረድረው በፊደል ተራ ሳይሆን በወዳጅነት ተራ ነበር። የሚወዳቸው ሰዎች ጉዳይ ከፊት፣ የተጣላቸው ከታች፣ የአማቱ ደግሞ ከመደርደሪያው ጀርባ። እሱ የታመመ ቀን አገሩ በሙሉ ጉዳይ አጥቶ ይውላል። ከዚያ ወደ አዋሳ ተዛወርኩ፤ ወደ አንድ ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት። ከፍተኛ በዚያ ዘመን ከቀበሌ በላይ፣ ከከተማው በታች የነበረ እርከን ነው። ቁጥሩን አልናገርም፤ ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹ እስካሁን ብስክሌት ይከራዩኛል። ስለ ደመወዝ ብዙ የምለው የለኝም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚያደርሰኝ በአንድ ወር ብቻ ነበር፤ እሱም ጳጉሜን ነው።

በዚያ ከፍተኛ አንድ ሰው ብቻውን የሚወስነው ነገር አልነበረም። ሁሉም ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ ማለቴ ምልዓተ ጉባኤው ከሞላ ይሰበሰባል። አጥር ማጠር፣ ዛፍ መቁረጥ፣ መንገድ ላይ ድንኳን መትከል፣ ሁሉም አጀንዳ ነው። መጸዳጃ ቤት ለመቆፈር ያመለከተ ሰው ውሳኔው እስኪደርስ ጎረቤቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ጎረቤቱም አመልካች ሆኖ ይጠብቀዋል። ለሠርጉ ድንኳን ያመለከተ አንድ ሙሽራ ፈቃዱ ሲደርሰው ለልጁ ክርስትና ተጠቀመበት። ይህን ስናገር ሰው «አጋነንክ» ይለኛል። እሺ፣ ልጁ ገና አልተወለደም ነበር።

ሊቀመንበራችን ጓድ ንጋቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻውን መወሰንን ግን እንደ ተስቦ ይፈራል። ብቻውን የወሰነ ሰው ስም አለው፤ ስም ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን ይጠራል፣ ተጠርቶም የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። «ኮሚቴው ወስኗል» ሲባል ግን ማንን ትይዛለህ? ስለዚህ የጓድ ንጋቱ ተወዳጅ ቃል «ይደር» ነበረች። «ይህ ጉዳይ ለሚቀጥለው ይደር» ይላል። ጉዳዩ ያድራል፣ ይሰነብታል፣ ይከርማል።

በዚህ አሠራር ላይ ሞት መጣበት።

ጦርነቱ ሰሜን ነው፤ ልጆቹ ግን ከየሰፈሩ የሄዱ ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ወሬው በስልክ ለእኛ ይደርሳል፤ ለቤተሰቡ ማርዳት የከፍተኛው ሥራ ነው ተባለ። ከድሮ ጀምሮ የዘመድና የጎረቤት የነበረው መርዶ በእኛ ቤት አጀንዳ ሆነ።

ጋሽ ሹኩር ከስልጤ አገር መጥተው መናኸሪያው አጠገብ ድስትና ሰሃን የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። የልጃቸው ሞት ሲደርሰን ጉዳዩ ከአንድ የአጥር ክስ ቀጥሎ ተያዘ። ማክሰኞ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፤ ይደር። በቀጣዩ ማክሰኞ ሞላ፤ ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ ንግግር ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚል ክርክር ተነሳና እንደገና ይደር። እያንዳንዱ አባል ቤቱ ገብቶ «ለማንም እንዳትነግሪ» እያለ ለሚስቱ ነገራት።

ጋሽ ሹኩር በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የነበረው ሰው የሰሙ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አላቸው።

ዞር ብለው «በምን?» አሉት።

ሰውየው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ሰልፉ በሙሉ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ሹኩር ሰልፉን ጥለው አልሄዱም። ተራቸው እስኪደርስ ቆሙ። ሲደርስ ለሱቁ ሰው «ለቅሶ ቤት ልሆን ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ጨምርልኝ» አሉት። ስኳሩን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አያለሁ። ስለዚያ ቀን የምቀልደው ነገር የለኝም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ምልዓተ ጉባኤው ጢም ብሎ ሞላ። ኮሚቴው እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ወስኖ አያውቅም፤ የወሰነውም ከእንግዲህ ላለመወሰን ነው። ጥቃቅን ጉዳዮችን ለክፍል ሠራተኞች በውክልና ሰጠ፦ አጥር፣ ዛፍ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመንገድ ድንኳን፣ መርዶ። እንዲያው በዚህ ቅደም ተከተል። አንድ ደንብም ታከለበት፤ የተወከለ ሰው ሌላ ሰው መወከል አይችልም።

ሥልጣን ሲታደል ሰው የሚሻማ ይመስላችኋል። በእኛ ቢሮ ወረርሽኝ ገባ። አንዱን ወገቡ ያዘው፤ የአንዱ እናት ይርጋጨፌ ላይ ታመሙ፤ እናቱን እኛው ራሳችን የቀበርንለት ሌላው ደግሞ «እናቴ ታመመችብኝ» ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ወንበራቸው ላይ የተገኙት ጋሽ ሌዳሞ ብቻ ነበሩ። እኔ የእሳቸው ረዳት ስለነበርኩ መሸሻ አጣሁ።

ጋሽ ሌዳሞ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ከሲዳምኛ ቀጥለው ነው የተማሩት፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቃል አያባክኑም። እኛ በገጽ የምንጽፈውን በአንድ መስመር ይጨርሱታል። ጴንጤ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ደግ አልነበረም። ሥራ ላይ መዝሙር በአፍንጫቸው ያዜማሉ፤ ጓድ ንጋቱ ብቅ ሲል ዜማው ወደ ሳል ይቀየራል። ጓድ ንጋቱ ሰውየው ሳንባቸውን የታመሙ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አዝኖ ማር አመጣላቸው።

ውሃ መጠየቅ ከድሮም ልማዳቸው ነበር። ሁለት ሰዎች በአጥር ሲካሰሱ ከሳሽም ተከሳሽም ቤት አይሄዱም፤ ሦስተኛው ጎረቤት ቤት ይገቡና «እስቲ ውሃ» ይላሉ።

«ሻይ ሲጋብዙዎት ለምን እምቢ ይላሉ ጋሼ?» ብላቸው፣

«ሻይ እንግዳ ያደርግሃል። እንግዳ የሚያምር ነገር ይነገረዋል። ውሃ ጠይቆ የቆመ ሰው ግን መንገደኛ ነው፤ የልብ ይነገረዋል» አሉኝ።

እውነትም አንዲት ሴት ብርጭቆውን እያቀበሉ «ስለ አጥሩ ነው? ኧረ ምን አጥር! ዘይቱኗ ናት እንጂ!» አሉን። ለካ ያንደኛው ዘይቱን ፍሬዋን የምታራግፈው ሌላኛው ግቢ ነው። ጋሽ ሌዳሞ በአዲሱ ውክልና አጥሩ ዘይቱኗ ጋ ሲደርስ ክፍት እንዲተው ወሰኑ። ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በዚያች ክፍተት ይሰዳደባሉ፤ ክስ ግን የለም።

«ብርጭቆውን እይ» ይሉኝ ነበር። «ቶሎ ከመጣ ቤቱ ሰላም ነው። አንቺ አምጪ፣ አንተ አምጣ ከተባባሉ ኩርፊያ አለ። የሚያቀብልህ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሕመም አለ፤ ይህን ለመርዶ ቀን ያዝ።» አንድ ሌላ ትእዛዝም ነበራቸው፤ ከሁሉ የሚያጠብቁት ይህን ነው። «ጨርሰህ ጠጣ። ካስተረፍክ ወይ ቤቱን ተጸይፈሃል፣ ወይ የከበደህ ነገር አለ። ሁለቱም ይነበብብሃል።»

በመርዶው ውክልና ላይ ግን ይህ ልማድ ችግር ገጠመው። ጋሽ ሌዳሞ ሁለት ሦስት ቤት ካረዱ በኋላ ሰዉ ግራጫ ኮታቸውን ለየው። አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሊቆረጡ በምሥራቁ ሰፈር በኩል ሲያልፉ በየቤቱ ዋይታ ተነሳ። በአንደኛው ቤት ልጁ በፈቃድ መጥቶ ተኝቶ ነበር፤ ራሱ ወጥቶ ነው እናቱን «አለሁ እኮ» ብሎ ያባበላት። ጋሽ ሌዳሞ ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ ተመለሱ።

በማግሥቱ «ተነስ» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ በሁሉም ሰፈር ውሃ እንጠጣለን። ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው መርዶ አይመስልም።»

እናም ጠጣን። በፀሐይ ጠጣን፣ በዝናብ ጠጣን። ዝናብ ላይ ቆመን ውሃ ስንለምን ሰው ከእብድ ቆጥሮን ያልፋል። የመጸዳጃ ቤት ፈቃድ በገፍ የሰጠነው ያን ጊዜ ነው፤ ለሕዝቡ ብለን እንዳይመስላችሁ። ቀስ በቀስ ሰዉ ኮቱን ሲያይ መደንገጡን ተወ፤ ልጆች ሲያዩን ራሳቸው ወደ እንስራ ይሮጣሉ።

መርዶው ራሱ ሙያ ነበረው። በዋዜማው ከጎረቤት ውሃ ጠጥተን በቤቱ ማን ሕመም እንዳለበት፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ለቤተሰቡ ቅርቡ ማን እንደሆነ እናውቃለን። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን ያዘጋጃል፣ ግን አይተክልም። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ይገባል። ጋሽ ሌዳሞ ወረቀት አይዙም፣ ንግግር አያደርጉም፤ የሚናገረው አንድ አፍ ነው፣ እሱም የቅርብ ዘመድ እንጂ የመንግሥት ሰው አይደለም። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጩኸቱ ሲበርድ ተነስተው ውሃ ይቀዱና ለእናትየዋ ያቀብላሉ። በዚያ ቀን ብቻ ውሃው የሚሄደው ከእኛ ወደ እነሱ ነው። ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

ጋሽ ሌዳሞ ጡረታቸው ደርሶ ቱላ ወዳለው እርሻቸው ሲመለሱ ኮሚቴው ውክልናውን በጭብጨባ ወደ እኔ አዛወረው። በሕይወቴ ከተጨበጨበልኝ ሁለት ጊዜ አንዱ ይህ ነው። ሌላው ሠርጌ ላይ ነው፤ እሱም እንዴት እንደ ሆነ ባለቤቴን ጠይቋት።

ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት የነበራቸው እትዬ ዘነበች የምላሳቸው ስለት ጢም ይላጫል። በደጃቸው ሳልፍ «መጣ ግመሉ!» ይላሉ፣ ተሳፋሪው እንዲሰማ። ውሃውን በትልቁ ብርጭቆ ሞልተው ይሰጡኝና እስክጨርስ ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ። «ውሃ ልማት መሥሪያ ቤት ይህን ሰውዬ ያውቀዋል ወይ?» ይላሉ። ሳሙኤል የሚባል ልጃቸው ዘምቷል። ሴት ልጃቸው ሰላም ሙሽራ ልትሆን ነው፤ እሑድ ለሚሆነው ሠርግ መንገድ ላይ ድንኳን እንዲተክሉ የፈቀድኩላቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ ስልክ ተደወለ። ሳሙኤል ነው።

ለጓድ ንጋቱ ልነግረው ስገባ ከፊቴ አውቆት እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘረጋ። «ውክልናው የአንተ ነው። እኔ አልሰማሁም» አለና በጓሮ በር ወጣ።

በማግሥቱ መስኮቴ ላይ እትዬ ዘነበች ቆመዋል።

«ግመሉ! ዛሬ የምጠይቅህ እኔ ነኝ።»

«ምን ልታዘዝ እትዬ?»

«የእሑዱን ድንኳን ወደ ፊት ግፋልኝ። ሳሚ ጽፎልኛል፤ ፈቃድ ሊሰጡኝ ነው ብሏል። እህቱን ያለ እሱ ልዳራት?»

«ወደ መቼ ልግፋው?»

«እስኪመጣ ነዋ!»

«ሙሽራውስ ምን ይላል?»

«ይጠብቃል። የሻሸመኔ ልጅ ነው፣ አውቶቡስ መጠበቅ ለምዷል።»

ሳቅሁ። ሳቄ ከየት እንደ መጣ አላውቅም። ከዚያ አፌን ስከፍት የወጣችው ቃል «ይደር» ናት። «ለነገ ይደር እትዬ፤ ነገ ይምጡ።» ጓድ ንጋቱ ቢሰማ በኩራት ያለቅስ ነበር።

የተያዝኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ድንኳኑን ብገፋላቸው የማይመጣ ልጅ እየጠበቁ ሊሰነብቱ ነው፤ ወሬው ደግሞ ያን ያህል ተደብቆ አይቆይም፣ እንደ ጋሽ ሹኩር አንድ ሰልፍ ላይ ያገኛቸዋል። ዛሬውኑ ባረዳቸው ድንኳኑ የለቅሶ ይሆናል፤ ከዚያ ዓመት እስኪሞላ በዚያ ቤት ሠርግ የለም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ በዓመት ውስጥ ማን የት እንደሚገኝ አይታወቅም። ብከለክላቸው ሰላም እሑድ ትዳራለች። እናትየዋ ግን ልጄን ከእህቱ ሠርግ ያስቀረው ይህ ሰውዬ ነው ይላሉ።

ብስክሌት ተውሼ ቱላ ሄድኩ። ጋሽ ሌዳሞ እንሰታቸው መሃል ቆመዋል፤ እዚያ ጓድ ንጋቱ ስለሌለ መዝሙሩ በአፍንጫ ሳይሆን በሙሉ አፍ ነበር። ሳልጠይቅ ውሃ አመጡልኝ። ጨርሼ ጠጣሁና ነገሩን ነገርኳቸው።

«ለምን መጣህ?»

«እንዲወስኑልኝ።»

«የተወከለ ሌላ አይወክልም። ደንቡን ረሳህ?»

«ምክርስ ጋሼ?»

«ምክር እሺ።» መቆፈሪያቸውን ተደገፉ። «ሁለት ልጆች አሉ። አንዱ ከእንግዲህ ምንም አይደርስበትም። አንዷ ይደርስባታል። የምትጠብቀው ማንን ነው?»

«እናትየዋስ?»

«እሷ ትጣላሃለች።»

«ከዚያስ?»

«ተጣላት።»

በማግሥቱ እትዬ ዘነበች ሲመጡ መስኮቱ ሥር ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር።

«አይቻልም እትዬ» አልኳቸው። «ድንኳኑ እሑድ ካልተተከለ ፈቃዱ ይሰረዛል።»

«ማነው ያለው?»

በሥራ ዘመኔ «ኮሚቴው» የምትለው ቃል እንደዚያች ደቂቃ ናፍቃኝ አታውቅም።

«እኔ።»

«አንተ? ያን ሁሉ ውሃዬን ጠጥተህ?»

የፈቃዳቸውን ፋይል ዘጋሁ።

«ነገ ሳሚ መጥቶ ‹እማዬ፣ ምነው አልጠበቅሽኝም?› ሲለኝ ምን ልበለው? ግመሉ ከለከለኝ ልበለው?»

«አዎ፣ በእኔ ያሳብቡ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። «እዩልኝ!» አሉ ወደ ሰልፉ ዞረው። «ሰው ነበረ እኮ! ወንበር ሰጡትና እንዲህ አደረጉት!» ከሰልፉ አንዱ «ጉድ እኮ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ይቅር ይበለው» አለች። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሳምንት በዚያ ሰፈር አንድም ሰው ውሃ አልሰጠኝም። ኩላሊቴ ያረፈበት ሳምንት እሱ ብቻ ነው።

ለሠርጉ አልጠሩኝም። መንገድ ላይ የተተከለ ድንኳን ማየት ሥራዬ ነውና ካስማውን ለመመርመር ሄድኩ፤ ካስማ እንደዚያ ተመርምሮ አያውቅም። በሠርጉ ላይ ወሬውን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት የእድሩ ዳኛና የእትዬ ዘነበች ወንድም ነበሩ። የእድሩ ዳኛ ወትሮ ወንበር ተሸክመው እንኳ የማይወዛወዙ ከባድ ሰው፣ ያን ቀን ከሙሽራው ሚዜዎች በላይ ጨፈሩ። በየመሃሉ ላብ ነው እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሰላም ስትስቅ እስከ መንገዱ ጫፍ ይሰማል።

መልሱም ተበላ። ለመርዶው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ቀጠርን። ሐሙስ ከሰዓት እንደ ሥርዓቱ ከጎረቤት ውሃ ልጠጣ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሳመራ፣

«ግመሉ!»

ያንን ስም ከተጣላን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ሻይ ቤቱ ባዶ ነው፤ አውቶቡስ የማይገባበት ሰዓት ነው። እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመዋል።

«ና ግባ፣ አትፍራ። ሠርጉ አማረልኝ። ረግሜህ ነበርና ላንሳልህ ብዬ ነው።» ትልቁን ብርጭቆ ሞልተው አቀበሉኝ። «ሳሚም ቢሆን ሲመጣ በሬ አርድለታለሁ፤ ያኔ ድንኳን ብትከለክለኝ ወየውልህ።»

ብርጭቆውን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ያ በየደጁ፣ በየሰፈሩ፣ በዝናብ ሳይቀር ሲወርድ የኖረ ውሃ ከከንፈሬ አላልፍ አለ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ብርጭቆውን እንደ ሞላ መልሼ በእጃቸው ላይ አኖርኩት።

እትዬ ዘነበች ብርጭቆውን አዩ።

«አልጠጣኸውም።»

«ጠግቤ ነው።»

«ግመል ይጠግባል?»

ከብርጭቆው ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ መንገዱ አዩ፤ ድንኳኑ ወደ ነበረበት ቦታ። የካስማዎቹ ጉድጓድ ገና አልተደፈነም።

«ለዚህ ነው የከለከልከኝ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። «ሳሚዬ።»

የመርዶ ሥርዓቱን በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጎህ፣ ዘመድ፣ አንድ አፍ። ከዚያ ሁሉ አንዱም በዚያ ሰዓት በዚያ ቤት አልነበረም። እትዬ ዘነበች አልጮሁም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ብርጭቆውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጅ ያዙት።

«ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«ዳኛውና ወንድምዎ።»

«መቼ ልትመጡ ነበር?»

«ነገ ጠዋት።»

«ነገ አይሆንም። ሰላም ጫጉላ ላይ ናት። እሑድ ከባሏ ጋር እኔ ቤት ትመጣለች፤ ምሳዋን በልታ፣ ስቃ ትሂድ። ሰኞ ይሁን። ሰኞ ጠዋት ሰዎቹን ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ እኔም እሰማለሁ።»

«እትዬ፣ እስከዚያ ብቻዎን እንዴት…»

«የአንተን ወስነሃል አይደል? ጨርሰሃል። ይኼኛው የእኔ ነው።»

ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጡሩንባ ተሰማ። ወዲያው ተሳፋሪዎች አቧራቸውን እያራገፉ ገቡና አንዱ ገና ከበሩ «እናት! ሻይ ቶሎ!» አለ።

እትዬ ዘነበች ተነሱ። እኔ ያልጠጣሁትን ውሃ ቆመው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ብርጭቆውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉና «መጣሁ!» አሉ። «ቀይ ነው በወተት?»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዳኛውን፣ ወንድማቸውንና ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄድኩ። የሻይ ቤቱ አግዳሚዎች በሙሉ ወደ ደጅ ወጥተው፣ ተጠርገው፣ በተርታ ተደርድረዋል። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምነው በማለዳ?» አሉን። «ደኅና ናችሁ?»